ለሬክያቪክ ሐበሻ የተላከ በርበሬ

ዘርፈሽዋል አውሮፓን የምታውቀው በሶፋ ነው። የፓሪሱ ሶፋ ቀይ ነው፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ተደግፏል። የፍራንክፈርቱ ላስቲኩ ገና አልተነሣለትም። የሮሙ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፤ ከባሏ ጋር አንድ ሌሊት ተኝታበታለች፤ ስለ ሮም ከዚህ ሌላ የምትለው የላትም። የባርሴሎናው ሶፋ መስኮት ሥር ስለነበር የባሕር ድምፅ ይሰማ ነበር። ተነሥታ ልታይ ስትል ባለቤቲቱ፣ "ኧረ ቁጭ በይ! የፈለግሽውን እኔ አመጣልሻለሁ" አለቻት። ባሕሩን ግን አላመጣችላትም።

ዘርፈሽዋል አሜሪካ፣ ዴንቨር ጥግ ባለችው ኦሮራ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ሀብተጊዮርጊስ ዴንቨር ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል። የአየር መንገድ ሠራተኛ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ላይ ባዶ ወንበር ከተገኘ ከነሚስቱ በነጻ ይሄዳል። ዓርብ ተነሥተው ቅዳሜን አውሮፓ ይውላሉ፤ እሑድ ተመልሰው ሰኞ ሥራ ይገባሉ። ሲሰሙት ያስቀናል። እኔም ጎረቤታቸው ነኝና እቀና ነበር፣ ሻንጣቸው ሲታሸግ እስካይ ድረስ።

እኛ ዘንድ አንድ ሰው ሊሄድ ነው ከተባለ መንገደኛነቱ ይቀርና ፖስታ ቤት ይሆናል። ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈራችን ደግሞ ወሬ ከ15 ቁጥር አውቶቡስ ይፈጥናል። ሀብተጊዮርጊስ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ ገብቶ፣ "ለዊክኤንድ ፓሪስ ብቅ ልንል ነው" ብሎ ከተነፈሰ አለቀ። ሲመለስ በሩ ላይ ፌስታል የያዘ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ለእህቴ ልጅ ሽሮ። ለወንድሜ የሥራ ጫማ። ለክርስትና እናቴ ጸበል፤ ክዳኑ ላላ ስለሚል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። አንዴማ ለሙኒክ ሙሽራ ቬሎ አድርሰዋል። ሻንጣ ውስጥ ይጨማደዳል ተብሎ ዘርፈሽዋል አትላንቲክን የተሻገረችው ቬሎውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው።

ሀብተጊዮርጊስ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ሲደርሱ ደግሞ እቃውን በር ላይ ሰጥቶ መመለስ ነውር ነው። ይገባል፣ ይበላል፣ በሞቴ ተብሎ እንደገና ይበላል፤ የኦሮራ ሰው በየስሙ ይጠየቃል። ከዚያ ሌላው ተቀባይ ቤት ይኬዳል፣ እዚያም ይበላል። ከተማውን ልናይ ነበር ቢሉ፣ "ምኑን ታያላችሁ፣ ድንጋይ እኮ ነው" ይባላሉ። እንዲህ እየተባለ የአውሮፓ ድንጋይ ሁሉ ሳይታይ ቀረ። ልጃቸው እድላዊት ፎቶዎቹን ስታይ፣ "ዳድ፣ ይሄ ሪሊ ለንደን ነው? ካውች ብቻ እኮ ነው!" ትላለች።

ባለፈው ሚያዝያ ነገሩ ማለቂያው ላይ ደረሰ። የሀብተጊዮርጊስ ወገብ ሻንጣ ማንሣቱን እምቢ ስላለ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊነዳ ነው። በትምህርት ቤት አውቶቡስ ደግሞ አውሮፓ አይኬድም። አንድ ጉዞ ብቻ ቀረቻቸው።

"ስማኝ ሀብቴ" አለችው ዘርፈሽዋል። "ባሕር በአውሮፕላን መስኮት እንጂ አጠገቡ ቆሜ አይቼ አላውቅም። አንዲት ሰዓት ባሕር ዳር አብረኸኝ ተቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እሺ" አላት።

"ለሰው ሁሉ እንደምትለው እሺ እንዳይሆን።"

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ባል በሌላ ሴት ሲነጠቅ አይተናል፤ እሷ የተነጠቀችው በሐበሻ በሙሉ ነው፤ ማንን ትክሰስ?

ስለዚህ ሐበሻ የሌለበት የአውሮፓ ከተማ ፍለጋ ገባች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ መሐል ቆማ፣ የዋህ መስላ፣ "ሊዝበን የሚሉት አገር እንዴት ያለ ይሆን?" አለች። አንዷ ወዲያው፣ "ውይ፣ የአጎቴ ልጅ እዚያ ናት! ልትሄዱ ነው?" ኦስሎን ሞከረች፤ ለኦስሎ ሦስት ሴቶች ባንዴ እጅ አወጡ። ቬኒስ ስትል የማኅበር ጓደኛዋ ልዕልት የባሏን እህት ስልክ ቁጥር ልትሰጣት ቦርሳዋን ከፈተች። በመጨረሻ "ሬክያቪክ" አለች። ማንም እጅ አላወጣም። "እሱ ደግሞ የት ነው?" አሉ። ዘርፈሽዋል እልል ልትል ምንም አልቀራት። አይስላንድ! ዙሪያው ባሕር፣ ከዴንቨርም ቀጥታ በረራ ያለው።

ለማንም ላይናገሩ ተማማሉ። ሀብተጊዮርጊስ መሐላውን እስከ ሐሙስ ጠበቀ። ሐሙስ ዕለት ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርታማችን ደረጃ ላይ የጎረቤታችንን የእማማ ጌጥነሽን አስቤዛ ተሸክሞላቸው ሲወጣ፣ "ቅዳሜ በመኪናህ ራይድ ትሰጠኛለህ ልጄ?" አሉት። እምቢ ማለት አይችል፣ መዋሸት አይችል።

"ቅዳሜ እንኳ አይስላንድ ነኝ እማማ።"

"እዚያ ማን አለ?"

"ማንም የለም። ሐበሻ የሌለበት አገር ነው።"

እማማ ጌጥነሽ ደረጃው ላይ ቆሙ። "ሐበሻ የሌለበት አገርማ የለም። አንድ አይጠፋም። አንድ ብቻውን ከሆነ ደግሞ እንዴት አድርጎ ይከርም ይሆን? ማን ይልክለታል?" አሉና ቤታቸው ገቡ። በርበሬ፣ ቆሎና በእጃቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥረው ወጡ። "ላገኘኸው ሐበሻ ስጥልኝ። አደራ።"

ስም የለ፣ ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ሀብተጊዮርጊስ "እሺ" አለ።

ዘርፈሽዋል ፌስታሉን ያየችው እዚያው ሬክያቪክ ኤርፖርት፣ ፍተሻ ላይ ነው። ፈታሹ ቋጠሮውን ፈትቶ በርበሬውን አሸተተና አስነጠሰ። "ለማን ነው?" ሲለው ሀብተጊዮርጊስ፣ "አላውቅም" አለ። "ሰውዬው የት ነው የሚኖረው?" "ሰውዬ ይሁን ሴትዮ ገና አላወቅኩም።" ሌላ ፈታሽ ተጠራ፤ አሸተተ፣ አስነጠሰ። ሦስተኛዋ ከሩቁ አስነጠሰችና በእጇ ሂዱ ሂዱ አለቻቸው። ዘርፈሽዋል ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን ወደ መውጫው ገሰገሰች። ይህ አረማመዷ ከጩኸት እንደሚብስ እሱም እኔም እናውቃለን።

"ከተማዋ ትንሽ ናት" አላት እየፈራ። "ቶሎ አግኝቼ እሰጥና ወደ ባሕሩ እንሄዳለን።"

ቅዳሜ ሙሉውን ሐበሻ ሲፈልግ ዋለ። ነጭ ሻርፕ ያጣፋች ሴት ከኋላዋ አይቶ ነጠላ መስሎት ብዙ መንገድ ተከተላት፤ ስትዞር ፀጉሯ ከሻርፑ ይነጣል። አንድ ጠይም ሰው አግኝቶ፣ "ጤና ይስጥልኝ!" ብሎ ቢጠመጠምበት ሰውዬው ብራዚላዊ ሆነ፤ ግን ደስ ብሎት እሱም ተጠመጠመበት። የዋና ገንዳ ዘበኛን ጠየቀ። ዳቦ ቤት ጠየቀ፤ ባለዳቦዋ አዝናለት፣ "እኔ ልቀበልልህ" አለችው፤ አደራው ለሐበሻ ነው ብሎ በትሕትና መለሳት። አንድ ታክሲ ነጂ፣ "አንድ ኢትዮጵያዊ አውቅ ነበር፤ ብርዱ አልስማማው ብሎ አሜሪካ ገባ" አለው። አሜሪካ የት? ዴንቨር።

ባሕሩ ደግሞ በየመንገዱ ጫፍ ብቅ ይላል። ዘርፈሽዋል መስቀለኛ መንገድ በደረሱ ቁጥር አንገቷን ወደዚያ ታዞራለች፤ ባሏ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ሌላው ይታጠፋል።

እሑድ ረፋዱም በዚሁ አለፈ። ወደ ኤርፖርት መሄጃቸው ሲቃረብ፣ "አንድ ያላየሁት ገበያ ቀርቶኛል" ቢላት ዘርፈሽዋል መንገዱ መሐል ቆመች።

"ስጠኝ ፌስታሉን።"

"አደራ እኮ ነው ዘርፌ።"

"ለሐበሻ ስጥ አይደል የተባልከው? እኔ ምንድን ነኝ?"

"አንቺማ... አንቺ የኔ ነሽ። አንቺ አትቆጠሪም።"

"አውቃለሁ አልቆጠርም! ሃያ ዓመት አልተቆጠርኩም!" አለች። "እዚህ አገር ያገኘኸው ሐበሻ እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ስጠኝ።"

ሀብተጊዮርጊስ አሰበ። በአደራው ሕግ በኩል ቢሄድ ስሕተት አጣበት። በሚስቱ ፊት በኩል ሲሄድ ደግሞ አፈረ፤ እስከ ጆሮው አፈረ። ፌስታሉን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለና፣ "እማማ ጌጥነሽ ልከውልሽ ነው" አላት።

"እግዜር ይስጥልኝ፤ ምነው ባልተቸገሩ" ብላ ተቀበለችው። "እቃ አድርሶ ከበር መመለስ የለም። ና፣ ቁጭ በል።" ወደ ባሕሩ ቁልቁል ወረደች፤ እሱም ተከተላት።

ዳርቻው ላይ ካሉት ድንጋዮች ባንዱ ተቀመጡ። ጫማዋን አውልቃ ካልሲውን አጠለቀች። ቆሎውን ፈትታ መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ነፋሱ ቆሎውን ከእጃቸው ይነጥቃል፤ ማዶ ያለው ተራራ እስከ ወገቡ በረዶ ነው። ዘርፈሽዋል ደስ አላት፣ ተናደደችም፤ ሁለቱ ባንዴ መጥተውባት እንባዋ ወረደ። ሀብተጊዮርጊስ የሚደርስ ሌላ እቃ ስላልነበረው እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ብዙ ቆይቶ እጇን ያዘ።

ስልኩ ጮኸ። እማማ ጌጥነሽ ናቸው።

"ሀብቴ ልጄ፣ ወደ ቸርች ልወጣ ስል አሰብኩህ። እቃው ደረሰ?"

"ደረሰ እማማ። አሁን ሰጠሁ።"

"አላልኩህም! ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት።"

"ውይ እናቴን! በዚያ ብርድ! ካልሲው ልኳ ሆነ?"

የሚስቱን እግር አየ። "ልኳ ነው እማማ።"

"ተመስገን። ሰው አላት ግን ልጄ? ሰው አላት?"

ሀብተጊዮርጊስ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ሚስቱ ዞረና፣ "ሰው አላት ወይ ይላሉ" አላት።

ዘርፈሽዋል ዓይኗን ከባሕሩ ላይ አላነሣችም።

"ዛሬ አላት በላቸው" አለችው።