ጉድፍ የያዘኝ መጋቢት

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ገብቼ ሻጩ ለአንዲት እናት ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ ከፍቶ ሲያሳይ ሽታው ደረሰኝ። ካላሚን የሚሉት የማሳከክ መድኃኒት ነው፤ እንደ እርጥብ ኖራ ቀዝቀዝ የሚል ሽታ አለው። ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ ቆምሁ። ያንን ፈሳሽ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ የተቀባሁበት መጋቢት ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ኅብረተሰብ የማስተምር ወጣት መምህር ነበርሁ። ባለቤቴ የማክሰኝት ከተማ ልጅ ናት። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን የአንድ መርጌታ ባለቤት የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። እማማ እንላቸዋለን።

አንድ ጠዋት ሸሚዜን ስለብስ ደረቴ ላይ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች አየሁ። በማግስቱ ፊቴም፣ ጀርባዬም፣ የራስ ቆዳዬም ተሞላ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተሯ ገና ከበሩ አይታኝ፣ “ጉድፍ ነው። ተማሪዎችህ ናቸው የሰጡህ፤ በልጅነትህ አልወጣልህም ነበር?” አለችኝ። ሚስቴ እርጉዝ መሆኗን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

“እሷስ? ይዟት ያውቃል?”

ባለቤቴን አስጠርቼ ብጠይቃት አታውቅም። ማክሰኝት እናቷ ዘንድ ደወልን። “አንድ ዓመት ሁላችሁም ባንድ ላይ ታማችሁ ነበር። ኩፍኝ ይሁን ጉድፍ፣ እኔ በምን ልለየው?” አሉ። ሲስተሯ ቁስሉ ሁሉ እስኪደርቅ እንድንለያይ፣ ባለቤቴም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰውነቷን እንድትከታተልና አንዲት ሽፍታ ካየች ሳትዘገይ እንድትመጣ መከረችን።

“እናትሽ ዘንድ ሂጂ” አልኋት ቤት እንደተመለስን።

“ይዞኝ ከሆነስ? ለእህቴ ልጆች ይዤላቸው ልሂድ?”

እማማ ከደጃቸው ሆነው ሰምተውን ኖሯል። “ምን ያጨቃጭቃችኋል! እኔ ዘንድ ትሁን። እኔን እንደሆነ ድሮ በልጅነቴ ወጥቶልኛል፤ የእሱን ምግብ እኔ አስገባለታለሁ” አሉ። ባለቤቴ ትራሷን ታቅፋ ግቢውን ተሻገረች።

ትኩሳቱ ሦስት ቀን ጣለኝ። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ላቤ በቁስሎቹ ላይ ሲወርድ ማሳከኩ ሊያሳብደኝ ይደርስ ነበር። እማማ አጥሚት ይዘው ይገባሉ፤ እጄ የማይደርስበትን ጀርባዬን በጥጥ ያን ሮዝ ፈሳሽ ይቀቡኛል። እየቀቡኝ ዳዊታቸውን በለሆሳስ ይደግማሉ፤ መሀል ላይ ያቋርጡና “እንዳታክ ብዬሃለሁ!” ይሉኛል። አልሰማኋቸውም። አሁንም ግንባሬ ላይ አንድ ጎድጓዳ ምልክት አለ። ልጄ ትንሽ ሳለች ጣቷን ትከትበት ነበር።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ድንገት አየኋት። “ሂጂ!” ብዬ ጮህሁባትና መስኮቱን ዘጋሁት። ለእሷ ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያንን ፊት እንድታይብኝ አልፈለግሁም ነበር። ያን ቀን ድምፅዋ ከግቢው ጠፋ። እማማ አጥሚቱን አስቀምጠው “ልጅቱ አለቀሰች” አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት መስኮቱን ከፈትሁት። ባለቤቴ ከግቢው ማዶ፣ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ተከምሯል፤ ከትምህርት ቤት አስመጥታው ነው።

“እኔ ላንብብ፣ አንተ ማርክ ስጥ” አለችኝ ጮክ ብላ።

“የትናንቱን ይቅር . . .”

“የመጀመሪያው ልጅ፣ ጥያቄ ቁጥር አንድ!”

ታዲያልህ፣ በየቀኑ ከሰዓት እንዲህ እናርም ጀመር። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ የማንጎው ጥላ ወረቀቱ ላይ ይወዛወዛል። አንድ ቀን ሐይቅ ከባሕር በምን እንደሚለይ ለጠየቅሁት፣ “ሐይቅን አውቀዋለሁ፤ ባሕርን ግን አላየሁትም” የሚል መልስ አነበበች።

“ዜሮ” አልሁ።

“እውነቱን በተናገረ? አንተስ ባሕር የት አይተህ ታውቃለህ?”

እማማ ምስር ከሚለቅሙበት ሰፌድ ቀና ብለው፣ “ግማሽ ስጠው እንጂ፣ ምን ክፋት ነው!” አሉኝ። ሰጠሁት። ስስቅ ከንፈሬ ላይ ያለው ቁስል ተሰነጠቀ። አልተከፋሁም፤ ከታመምሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ቅርፊቱ ደረቀ፤ ባለቤቴም ትራሷን ይዛ ተመለሰች። ሦስቱ ሳምንት አለፈ፤ ምንም አልወጣባትም። በነሐሴ ልጃችን ጤነኛ ሆና ተወለደች። ክርስትና ያነሱልን እማማ ናቸው።

ልጃችን ሁለት ዓመት ሲሞላት እማማ ዐረፉ። ከቀብር ስንመለስ በሐይቁ ዳር እየሄድን ሳለ ባለቤቴ እስከዚያ ቀን ያልነገረችኝን ነገረችኝ። በዚያ መጋቢት ጠዋት ጠዋት እማማ በራቸውን ቀርቅረው በመስተዋት እያገዟት ጀርባዋን፣ አንገቷን፣ ሆዷን ይፈትሹላት ነበር። አንድ ቀን አንገቷ ላይ ቀይ ነገር አገኙ። ሁለቱ ተያይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱልኝ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተሯ አገላብጣ አየቻትና “የትንኝ ንክሻ ነው” አለች። እማማ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክከው አመሰገኑ።

“ያን ቀንም ወረቀት አንብበሽልኛል?” አልኋት።

“አዎ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተ ድምፄን ብቻ ነበር የምትሰማው” አለችኝ። “እማማ ጓዳ የማለቅሰውን አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ድምፄን አስተካክዬ ነበር የምወጣልህ።”

ሰው ያየናል ሳልል እጇን ያዝሁና፣ የሐዘን ልብሳችንን እንደለበስን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ውሃው እስኪጠቁር ከዚያ አልተነሣንም።