ከትራክተሯ አፍንጫ የወረደው ብረት

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ስመለስ አንዲት ትንሽ ቀይ ትራክተር አሸዋ የሞላ ጋሪ ጎትታ ከፊታችን ዳገቱን ትወጣ ነበር። አፍንጫዋ ላይ ወፋፍራም ብረት ተደርድሯል። ባለባጃጁ ልጅ ዞር ብሎ፣ «ማዘር፣ ይሄን ሁሉ ብረት ተሸክማ ምን አለፋት?» አለኝ። ነርስ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ስንቱን ጉድ አይቻለሁ፤ ያቺን ትራክተር ሳይ ግን የአጎቴ ትራክተር መጣችብኝ።

ያደግሁት ወገራ፣ አጎቴ አያ በላይ ቤት ነው። አያ በላይ ገበሬ ይሁን እንጂ ሞተር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። በሬዎቹን ሸጦ አሮጌ ትንሽ ትራክተር ሲገዛ አገሩ ጉድ አለ። የሚነዳት አንድ ልጁ ሙላት ነበር። ሙላት ከእኔ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ሳቂታ፣ ከኪሱ ቆሎ የማይጠፋ ልጅ። እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው።

በዚያው ዓመት ክረምት ሙላት በጠና ታመመ። አጎቴ ለሰፈራችን ሚካኤል ተሳለ፤ «ልጄን ብታተርፍልኝ ደወል አስገባልሃለሁ» ብሎ። እስከዚያ ድረስ እዚያ የሚደወለው ድንጋይ ነበር። ሙላት ዳነ። ደወል ግን ከየት ይምጣ? አጎቴ ትራክተሯን ዞር ዞር ብሎ አያትና ከፊቷ ያለውን ወፍራም ብረት ፈታ። «አታርስበት፣ አትጎትትበት፣ እንዲያው የከንቱ ሸክም!» አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ላይ ሰቅለው ሲመቱት ድምፁ ወንዝ ተሻገረ። እልል ተባለ። እኔም እልል ብያለሁ።

ሜዳ ላይ ምንም አልነበረም። ዳገት ላይ ግን ጋሪው ሲከብድ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ብድግ ይሉ ጀመር።

«አባዬ፣ ያ ብረት ይመለስ» አለ ሙላት። «ፊቷ ቀሏል፤ ወደ ኋላ ትገለበጥብናለች።»

«ምነው ልጄ! ለታቦት የሰጠሁትን መልሼ ልውሰድ? አንተን ያዳነልኝን?»

ሙላት ክርክሩን ተወና አንድ ጆንያ አፈር ሞልቶ አፍንጫዋ ላይ አሰረ። ሸጋ ሆነች። በዚያው ሥራው ቀጠለ።

የገና ሰሞን ስንዴው ተወቅቶ ከአውድማ ወደ ቤት ይጫናል። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ገለባው ፀሐይ ሲነካው ደስ የሚል ሽታ አለው። እኛ ሴቶቹ ዳቦና ጠላ ይዘን ወርደናል። ጆንያ አነሰ። አጎቴ የአፈሩን ጆንያ ፈትቶ ደፋው፤ አራገፈና ስንዴ ሞልቶበት ከጋሪው አናት ላይ ጫነው።

«እህላችን ሜዳ እያደረ አፈር እናመላልሳለን እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ሙላት ብቻ አልሳቀም።

«አባዬ፣ በሁለት ዙር ላድርገው።»

«ኧረ ተው! አንዴ ነው፤ ቶሎ በል፣ ሊመሽብን ነው።»

የአባት ቃል ነውና ወጣ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሯ ጮኸ፤ ፊቷ ተነሥቶ ሽቅብ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተገልብጣ ሙላት ላይ ወደቀች። ሮጠን ስንደርስ አልፏል።

ለቅሶው ላይ አጎቴ ከቄሱ እግር ሥር ተደፋ። «አባ፣ ያን ብረት መልሼ ብወስደው ኖሮ ሚካኤል ይቆጣኝ ነበር?»

ቄሱ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ወይኔ በላይ! ምነው ያኔ በነገርከኝ! እኔው ራሴ አውርጄ አሸክምህ ነበር እኮ። ለእኛ ድንጋዩ ይበቃን ነበር» አሉት።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር ብዙም አልተነጋገረም። ትራክተሯንም ማንም አላስነሣት።

ዛሬም ዘመዶቼ «ዕድሜው ያችው ነበረች» ይሉኛል። እኔ ግን አልዋጥልሽ ብሎኛል። አጎቴ ልጁን ከነፍሱ አብልጦ ይወድ ነበር። ታቦቱን ፈራ፣ ቄሱን አፈረ፣ ሰው ምን ይለኛል አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ቅርባችን ነበር፤ ከደጃችን ሆኖ ቢጣራ ቄሱ ይሰሙታል። ሄዶ አንዲት ቃል ቢጠይቃቸው ኖሮ ሙላት ይህን ጊዜ የልጅ ልጅ ያሳየን ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።