እትዬ በላይነሽ የጠጡት ውሃ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ መካኒሳ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ነው።

የምሠራው የደረቁ ዕፅዋት ለጥናት በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ያን ሰሞን አንዲት ትንሽዬ ተክል እየፈለግን ነበር። ሐይቅና ወንዝ ዳር፣ ጭቃ ላይ ነው የምትበቅለው፤ ቅጠሏ ከጥፍር ያንሳል፣ ውሃ ቋጥሮ ወፈር ይላል። እኛ ጋ ያሉት ናሙናዎች ከማርጀታቸው የተነሳ ሲነኩ ይፈረፈራሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰፈራችን በታች ካለው ወንዝ ዳር አገኘኋትና ከነጭቃዋ በፌስታል ይዤ መጣሁ።

እንዲህ ዓይነት ተክል እንዲደርቅ በጋዜጣ መሀል ተጭኖም ቶሎ አይሞትም። በቋጠረው ውሃ እየኖረ ቆይቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል። እኔም የግቢው የጋራ ማድቤት ገብቼ ድስት ጣድኩ፣ ነክሬ አወጣኋትና ጋዜጣ ላይ ዘረጋኋት። ጋዜጣው ስላልበቃኝ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ድስቱ ባዶ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ በላይነሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ድስቱ ውስጥ የነበረውን ውሃ ደፉት እንዴ?»

«ጠጣሁት» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጭቃ ጭቃ ይላል እንጂ ደህና ነው።»

የገዛሁትን ጋዜጣ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ መድኃኒት አይደለም።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሆዴን ካመመኝ ቆየ፤ ልጄን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንተ የቅጠል ትምህርት የተማርክ ነህ። እንደዚያ ስትጠነቀቅለት ሳይ የሆድ መድኃኒት መሰለኝ።»

ልጃቸውን ሰናይትን ጠራኋት። ግራና ቀኝ ደግፈን አስፋልት አወጣናቸውና ታክሲ ኮንትራት ያዝን። መንገድ ላይ ያስመልሳቸው ጀመር።

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «የጠጡት ምንድን ነው?»

የተክሏን ስም ነገርኩት።

«መርዝነት አላት?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። አበባዋን፣ ፍሬዋን፣ የት እንደምትበቅል አውቃለሁ። ሰው ቢጠጣት ምን እንደምታደርግ ግን የትም አላነበብኩም።

«ውሃውስ ንጹሕ ነው?»

«የወንዝ ጭቃ ነበረበት።»

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ የሚገባበት ወንዝ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ እናቷን የገደልኩባት መሰለኝ። አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ወጣ።

«የጠጡት ነገር ያን ያህል አልጎዳቸውም» አለ። «ያስመለሱት ግን ደም አለው። ጨጓራቸው ላይ የቆየ ቁስል አለ፤ ሲደማ ነው የከረመው። ደማቸው በጣም ወርዷል። ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ላይተርፉ ይችሉ ነበር።»

ሰናይት እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ልደሰት ወይስ ልፈር፣ አላወቅሁም።

እትዬ ተኝተው ታከሙ፣ ደምም ተሰጣቸው፤ ዛሬ ደህና ናቸው። ሰናይት ለመጣ ሰው ሁሉ እናቷን ያተረፍኩላት እኔ እንደሆንኩ ታወራለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ቤት ይዤ ገብቼ አላውቅም። ከሌላ ቦታ ያመጣኋቸውን፣ መርዛማ መሆናቸውን በደንብ የማውቃቸውን ተክሎች አስባለሁ። ያን ቀን የነከርኩት ከእነሱ አንዱን ቢሆን ኖሮስ?

እትዬ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ይመርቁኛል። «አሜን» እላለሁ፤ ዓይናቸውን እያየሁ ማለት ግን እስካሁን አልቻልኩም።