ከድንጋዩ በታች ያለው ጭቃ

እናት ለማለት ሰው ሁሉ አዮ የሚላቸውን ሙሉካን መጀመሪያ ያየኋቸው ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ የመንደሩን ወንድ ሁሉ ሲሳደቡ ነው። ከሮቤ ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። «አካፋውን እንደ ማንኪያ ነው እንዴ የምትይዘው? ሾርባ ልትጠጣ ነው የመጣኸው?» ይሉታል አንዱን ጎረምሳ። ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ግን ይቆፍራሉ። እኔም ምላሴን የማልቆጣጠር የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና ዘመዴን ያገኘሁ መሰለኝ።

የቆሙት ሆራ ውስጥ ነበር። ሆራ ጨዋማ ምንጭ ነው፤ የባሌ ሰው ከብቱን በየጊዜው እየነዳ ያጠጣበታል። ሆራ ያልጠጣች ላም ወተቷም ጥጃዋም አያምርም ይላሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ስንዴው ከታጨደ በኋላ፣ መንደርተኛው ተሰብስቦ ደለሉን ያወጣል። ደለሉ አይጣልም። ደርቆ ሐያ ይሆናል፤ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ማለት ነው። ለየቤቱ በነጻ ሲከፋፈል ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርጉዝ ላሞች ነው። ከጥልቅ የወጣ፣ ያረጀ ሐያ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል ተብሎ ይታመናል።

የሆራው ጠባቂ የነበሩት ባላቸው ኦቦ ዲኖ ነበሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም። ወንድ ልጅ ሳይተኩ ስለሞቱ ሽማግሌዎቹ ጥበቃውን ለማን እንስጥ ብለው ሲመካከሩ፣ አዮ ሙሉካ አካፋ ይዘው ሆራው ውስጥ ገቡና «የሚያወጣኝ ይምጣ» አሉ። የመጣ የለም።

ኦቦ ዲኖ አንድ ሕግ ትተው ነበር። ከደለሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነጥፈዋል፤ ከድንጋዩ በታች አይቆፈርም። «እዚያ የሆራው ባለቤት ተኝቷል። ከቀሰቀሳችሁት ጥጆቻችሁን ይጨርሳል» ይሉ ነበር። መንደሩ ይህን አምኖ ኖረ። አዮ ሙሉካ ግን ቁርኣን የተማሩ ሴት ናቸው፤ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ደማቸው ይፈላል። «የሆራ ባለቤት አላህ ነው! ይሄ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት!» እያሉ ከባላቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ኦቦ ዲኖ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይሉና በማግስቱ ያንኑ ይደግማሉ። «ደግ ሰው ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፤ «በዚህ ነገር ብቻ እንደ በቅሎ ግትር ነበር።»

ያላቸው ልጅ አንድ ናት፤ ኢብቲሳም። ጎባ ለጨርቅ ነጋዴ ተድራ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። በሦስተኛው እናቷ ሄደው አመጧት። «እዚህ ነው የምትወልጂው። እኔ አለሁ፣ ፈለቀች አለች» ብለው እኔንም ሳይጠይቁ ቃል ገቡብኝ። ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ወሬ ሁሉ ያ ሆድ ሆነ። አዮ ሙሉካ የሚጾሙትም፣ ዱዓ የሚያደርጉትም፣ ጎረቤት የሚቆጡትም ለእሱ ነበር።

ኢብቲሳምን አፈር ያምራታል። እርጉዝ ሴት አፈር ሲያምራት አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የብረት ኪኒን እየሰጠሁ «አፈሩን ተይው፣ ትላትል ነው የሚያተርፍልሽ» እላለሁ፤ እሷ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትደብቀኛለች። እናቷ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። «እኔም እሷን ሳረግዝ ሐያ በልቻለሁ። ይኸው፣ ምን ሆነች?»

በዚያው ሰሞን ሮቤ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሀይሉ የሚባል መምህር ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ተሸክሞ መጣ። ቱቦውን ሆራው ውስጥ ወግቶ እንደ ዘንግ የረዘመ ጭቃ ሊያወጣ ነው። መንደሩ በሳቅ ሞተ።

«ጭቃ ምን ያደርግልሃል?» አሉት አዮ ሙሉካ።

«ይነግረኛል እማማ። እዚህ የጠጣ ከብት፣ የወደቀ ቅጠል፣ በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን ሳይቀሩ ዱካቸውን ጭቃው ውስጥ ትተዋል። ዲኤንኤ እንለዋለን። ጽዳቱ የማይደርስበት ጭቃ በየዓመቱ ይደራረባል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ወደ ድሮው እንሄዳለን።»

«የኔ ዲኖ እግርስ አለበት?»

«ሊኖር ይችላል።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ውጋው» አሉት። ሀይሉ በድንጋዮቹ መሃል ስንጥቅ አግኝቶ ቱቦውን አሳለፈ። ናሙናው ውጭ አገር ሄዶ ስለሚመረመር ውጤቱ ወራት ይፈጃል ብሎን ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው በልግ ዝናብ አልነበረውም። ሆራው ጎደለ፤ ከብቶቹ ተገፋፍተው የሚልሱት እርጥብ ድንጋይ ሆነ። አዮ ሙሉካ ቆመው አዩና «ድንጋዩን አንሱ» አሉ። ሰው አንገራገረ። የኦቦ ዲኖ የልብ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ዳቢሴ፣ «ሙሉካ፣ ተዪው፤ የሟች ቃል ነው» አሏቸው። አዮ ሙሉካ የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሳቸው በአካፋ ፈነቀሉት።

ከሥሩ መጀመሪያ የተደለደለ ቀይ ሸክላ አፈር ወጣ፤ ከእሱ በታች ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ ጭቃ። ውሃውም ፈንቅሎ ወጣ። ሰዉ እልል አለ። እንዲህ ያለ ሐያ በዕድሜው ያየ አልነበረም። ለእርጉዝ ላሞች ተከፋፈለ፤ አዮ ሙሉካም ከሁሉ የጠቆረውን መርጠው፣ እንደ ትንንሽ ዳቦ ጠፍጥፈው፣ በፀሐይ አድርቀው ለልጃቸው አስቀመጡ።

መጀመሪያ የጨነገፈችው የራሳቸው ላም ናት። ቀጥሎ የጎረቤት። ከዚያ ላሞቹ ቆመው ይንቀጠቀጡ፣ አረፋ ይደፍቁ ጀመር። አዮ ሙሉካ ድርቁ አድክሟቸው ነው ብለው ሐያ ጨመሩላቸው። ሰው ሁሉ እንደዚያው አደረገ፤ ለደከመ ከብት ሐያ መጨመር እዚህ አገር ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። በተጨመረ ቁጥር ባሰ። ሹክሹክታው ተነሳ፤ የተኛው ተቀስቅሷል፣ ሙሉካ ናት የቀሰቀሰችው።

ይህ ሲደርሳቸው እንደ እሳት ነደዱ። ሰው ለከብቶቹ መላ ሊመክር በተሰበሰበበት ከጥቁሩ ሐያ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ አላምጠው ዋጡ። «ይኸው! የታል ባለቤቱ? ይምጣና ይብላኛ!» ኦቦ ዳቢሴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ በዕድሜ ብዛት የመጣ ፍርሃት መሰለኝ።

ሀይሉ በሞተር ሳይክል እየከነፈ የመጣው በማግስቱ ነው። አዮ ሙሉካ ግቢ ውስጥ እኔ፣ እሳቸውና ኦቦ ዳቢሴ ተቀምጠን ነበር። ወደ ሆራው ሲያልፍ የተነሱትን ድንጋዮች አይቶ ኖሮ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰላምታ እንኳ አልሰጠንም።

«ከድንጋዩ በታች ያለውን ጭቃ ማን ነካው?»

«ምን ሆነሃል? ተቀመጥ እንጂ» አሉት።

አልተቀመጠም። ከላይ ባለው ጭቃ ውስጥ የላሙ፣ የፈረሱ፣ የሣሩ፣ የተሕዋስያኑ ዱካ ሞልቷል አለ። ከድንጋዩ በታች ሲወርዱ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ከብት የለም ማለት ይቻላል። ተሕዋስያኑም አልቀው የቀሩት መርዝ የሚችሉት ብቻ ናቸው። በኬሚካል ሲመረመር ድሮ ከብት የሚነከርበት የመዥገር መድኃኒት ተገኘ፤ ዛሬ የተከለከለ ዓይነት፣ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ለብዙ ዓመት የማይጠፋ። «ከዚያ በላዩ ሸክላ አፈር አለ። ሸክላው በራሱ አልመጣም። አንድ ሰው አውቆ ከድኖታል» አለ።

«ዲኖ ነው» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

ሁላችንም ዞርን። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ይናገሩ ጀመር። ደርግ ሊወድቅ ሲል ከሆራው በላይ የመንግሥት እርሻ የከብት መንከሪያ ገንዳ ነበረ። ሠራተኞቹ ጥለው ሊሄዱ ሲሉ ገንዳውንም በርሜሉንም ወደ ታች ደፉት። በጠጡት ከብቶች ላይ የደረሰውን ያዩ ኦቦ ዲኖና እሳቸው ብቻ ናቸው። የሆራውን ውሃ ቀድተው አወጡት፣ የተመረዘውን ጭቃ በሸክላ አፈር ደፈኑት፣ ድንጋይ አነጠፉበት። ምንጩ ከጎን እየጠራ መጣ። «መርዝ ነው ብንል ሰው ሆራውን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ዝናብ አጥቦታል ብሎ ይቆፍራል። ስለዚህ ዲኖ የተኛውን ፈጠረ። ለማንም ላልናገር በቁርኣን አስማለኝ። ወላሂ ሙሉካ፣ ትናንት ስትበዪው ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

አፌን ለስድብ ከፍቼ ስድብ አጣሁ። ከብቱ ሲያልቅ፣ ሴትዮዋ እፊታቸው መርዙን ሲውጡት፣ መሐላ ይዞኝ ብለው ዝም? አዮ ሙሉካ ግን ኦቦ ዳቢሴን አላዩዋቸውም።

«ኢብቲሳም» አሉ።

እየተደናቀፍን ገባን። ኢብቲሳም ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ግማሽ የተበላ ጥቁር ሐያ ከመዳፏ ወድቋል። «አዮ፣ ዛሬ ልጁ አልተንቀሳቀሰም» አለች። እናቷ የወደቀውን አንስተው አዩት። የራሳቸው ጣቶች ምልክት አለበት፤ ሲጠፈጥፉት ያተሙት። ጮኹ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት በአዋላጅነት ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ከሚያምጡትም አልሰማሁም።

ጎባ ሆስፒታል አደረስናት። ኢብቲሳም ተረፈች፤ እናቷንም የዋጧት አንዲት ቁራሽ አልጎዳቻቸውም። ልጁ ሴት ነበረች፤ ሙሉ ሰው፣ ጥፍሯ እንኳ የወጣ፣ ትንፋሽ ብቻ የሌላት። ሐኪሙ ከዚህ በፊትም ሁለት ስለወረደባት ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም አለ። ለአዮ ሙሉካ ይህን በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «አንቺ በእጅሽ አልጠፈጠፍሽውም» አሉኝ።

ጥቁሩ ጭቃ ከየቤቱ ተሰብስቦ፣ ሀይሉ እንዳሳየን ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ በሸክላ ታሸገ፤ ድንጋዩም በላዩ ተነጠፈ። ከብቱ ወደ ሌላ ሆራ ተወሰደ፤ ውሃው ተመርምሮ ጸድቷል እስኪባል ድረስ ጠባቂዋ ዳር ተቀምጠው ማንንም አላስጠጉም። ቀጣዩ የጽዳት ቀን ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መከሩና ኦቦ ዳቢሴን ላኩባቸው። የተኛው ተቆጥቶ ነው እንበል፣ ልጆቹ ፈርተው ይኖራሉ፣ ያንቺም ስም ይነጻል አሏቸው።

አዮ ሙሉካ እስኪጨርሱ ጠበቁ። «ሌላው ፈራ ኦቦ ዳቢሴ። እኔ አልፈራሁም። የተኛ ባለቤት የለም ስል ልክ ነበርኩ፤ የቆፈርኩትም ለዚያ ነው። ዲኖ መርዝ ነው ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እስክሞት በጥርሴ ይዤ እጠብቀው ነበር። አንድ ቃል! ዕድሜ ልኩን አብሬው ተኝቼ አንድ ቃል ነፈገኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጽዳት ከመጀመሩ በፊት የመንደሩን ልጆች ሰብስበው ድንጋዩ ላይ ያቆሟቸዋል። «ከዚህ በታች ምን አለ?» ይላሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «መርዝ!» ብለው ይጮኻሉ። «ማን ደፋው?» ሲሏቸው «የመንግሥት እርሻ!» ብለው ይመልሳሉ። «ማን ከደነው?» «አባ ዲኖ!» ይላሉ። ቀጥለው «ማን አወጣው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ መልሱን ያውቁታል፣ ግን እዚህ ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ያያሉ፤ እኔም ለስንተኛ ጊዜ ሰምቼው እንደ አዲስ እደነግጣለሁ። ኢብቲሳም እናቷ አጠገብ ቆማለች።

«እኔ ሙሉካ» ይላሉ፤ ከዚያ አካፋውን አንስተው መጀመሪያ ይገባሉ።