ብቻዬን ያነሳሁት ጣራ

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ለማህሌት አክስቷ ከአዲስ አበባ ተፈታትቶ በካርቶን የታሸገ የአሻንጉሊት ቤት ላከችላት። ቁርጥራጩን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ቁጥር በቁጥር ስታያይዝ፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ንድፉን ላነብላት ተቀመጥኩ። ጥቂት እንዳነበብኩ ሐሳቤ ከወረቀቱ ሸሸ።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ እኔም እንዲህ ያለ ቤት ነበረኝ። ከወሎ መጥተን አሶሳ አጠገብ ከሰፈርን ጥቂት ክረምት አልፎን ነበር። በሱዳን ድንበር የሚነግደው አጎቴ አመጣልኝ፤ ጣራው ግን በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተሰባብሮ ደረሰ። አለቀስኩ። ጎረቤታችን ሐዋ፣ የአገሩ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ፣ ስብርባሪውን አይታ «አንተ አታልቅስ። ጣራ እኔ እሰራለሁ» አለችኝ። አማርኛን ገና እየተማረች ስለነበር እኔን ሴቷን «አንተ» ነበር የምትለኝ። አርሜያት አላውቅም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

የማንጎ ማብቂያ፣ ዝናብ የጀመረበት ሰሞን ነው። ችግሩ ግድግዳዬ አራት ማዕዘን፣ እሷ የምታውቀው ጣራ ክብ መሆኑ ነበር። ማንጎ እየላጥን፣ ደብተር ላይ እየነደፍን ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ክቡን ሰፋ አድርገን ማዕዘኖቹ ከሥሩ እንዲያድሩ ተስማማን። ቀርከሃውን በቀጭኑ ሰንጥቃ ጎነጎነችው፤ ሣር አለበስነው። በእነሱ ወግ ጣራ መሬት ላይ ተሠርቶ ያልቅና ጎረቤት ተጠርቶ በአንድነት አንስቶ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል፤ የቤቱ እመቤትም ታበላለች። እኛም ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቤተሰቦቻችንን ጠርተን ልናነሳው ተቀጣጠርን። ቅዳሜ የሐዋ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ ሊሄድ ነበር።

እኔ ግን ችኩል ነኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ጣራውን ብቻዬን አንስቼ በሙጫ አጣበቅኩት። እናቴ «ጎሽ!» ስትለኝ ኮራሁ።

ዓርብ ሐዋ ለአንሺዎቹ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ይዛ መጣች።

«ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«አሻንጉሊት እኮ ነው!» አልኳት።

«ሰው ያላነሳው ጣራ፣ ቤት አይደለም» አለችና ገንፎውን አስቀምጣ ሄደች።

ገንፎውን የበላው የለም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ልትለየኝ አንድ ቀን ሲቀራት አስቀየምኳት።

ቅዳሜ ማለዳ በአባቴ ቢላዋ ጣራውን ፈልቅቄ አወረድኩት፤ አንዱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ቤቱን አቅፌ፣ ጣራውን አናቴ ላይ ተሸክሜ በጭቃው ሮጥኩ። መኪናው እየተጫነ ነበር። ሐዋ አየችኝና ጓዝ ማቀበሏን ቀጠለች። አባቷ ግን ጣራውን ለብቻው ሲያዩት ነገሩ ገባቸው።

«ኑ! ኑ! ጣራ አለ!» ብለው ተጣሩ።

እናቷ፣ ወንድሞቿ፣ ጎረቤቶች፣ ሾፌሩ ሳይቀር ጭነቱን ትተው አንዳንድ ጣታቸውን ከጣራው ሥር አደረጉ። የእኔና የሐዋ ጣት ጎን ለጎን ነበር። «ቀስ! ቀስ!» እያለች፣ እየሳቀች አዘዘችን። ቤቱን ሰጠኋት፤ ይዛው ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

«አያቴ፣ ቀጥሎስ?» አለችኝ ማህሌት። ወደ ንድፉ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በዕድሜዬ ብዙ ጣራ ብቻዬን አንስቻለሁ። እህቶቼን ሳልጠብቅ የወሰንኩት አለ፤ ባለቤቴን ሳላማክር የጨረስኩት አለ። ሲያኮርፉኝም አይቻለሁ። ፈልቅቄ ያወረድኩት ግን ያንን አንዱን ብቻ ነው።