ወደ ኋላ የተጣመሩ እጆች

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከፊቴ የተሰለፈችው ሴት ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። የለበሰችው የወንድ ጃኬት ነው፤ እጅጌውን ጠቅልላዋለች። ደረቷ ላይ ያንጠለጠለችው ባጅ የልዩ ፍላጎት መምህርት እንደሆነች ይናገራል። ከጎኗ ያለችው ኮረዳ ተማሪዋ ናት።

«ምን ልስጣት?» አለ ሻጩ፣ መምህርቷን እያየ።

«አፍ አላት፤ እሷን ጠይቃት።»

ልጅቷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ቃሉ ግን እምቢ አለ። ዳቦው እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። የመምህርቷ ጣቶች ከኋላዋ ተናነቁ። ለመርዳት እንዳይዘረጉ እርስ በርስ ያሰረቻቸው መሰለኝ።

«ሁለት... ዳቦ... እባክህ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«እሰይ የኔ ቆንጆ!» ከኋላዬ የነበሩ አዛውንት ደስ ብሏቸው ጉንጯን ሊቆነጥጡ እጃቸውን ሰደዱ። ልጅቷ መዳፏን ከፊቷ ደቀነች።

«አይንኩኝ!»

ይቺኛዋ ቃል ጥርት ብላ ወጣች።

«እንዴ! እንደ አባቷ እኮ ነኝ» አሉ አዛውንቱ፣ ወደ መምህርቷ ዞረው። «ምነው ልጄ፣ ትልቅ ሰው ማክበር አላስተማርሻትም?»

«አንቱ ብላዎታለች፤ ከዚህ በላይ አክብሮት ከየት ታምጣ?»

አዛውንቱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ሰላምታው፣ ሰልፉ፣ እባክህ ማለቱ፣ ሁሉም በኋላ ይደርሳል። ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የማስተምረው ይቺን ቃል ነው።»

ከዚያ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ሳበችው።

«እኔን ማንም አላስተማረኝም።»