ንብ የራቀው ቤት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ ከእስቴ እኔ ወዳለሁበት ደብረ ታቦር ቪዲዮ ላከችልኝ። «አያ፣ ንቦቻችንን ይዩልኝማ» ብላ ጽፋበታለች። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የተደረደሩት ቀፎዎች ይታያሉ፤ ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ከኋላ አደዩ ፈክቷል። እምታቸውን፣ ያን እም የሚል ድምፃቸውን፣ ልስማ ብዬ ድምፁን ከፍ ባደርገው የመጣልኝ የእህቴ የየሻረግ ድምፅ ነው። ባሏ በሬውን ሳያስር ትቶት ጎመኗን አስበልቷል፤ እሷም ስድቡን ታወርድበታለች። እሱም ከወዲያ ማዶ ይመልስላታል። አርጅተውም ጉሮሯቸው አልደከመም።

ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ግን በዚያው ግቢ፣ በእነዚያው ቀፎዎች ሥር፣ ማንም በማንም ላይ ሳይጮህ እነዚህ ባልና ሚስት ሊለያዩ የደረሱበት መስከረም ትዝ አለኝ።

አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ፣ ጢሜ በቅጡ ሳያቀምቅም የቤቱ ወንድ እኔ ነበርሁ። ክረምቱ ሊወጣ፣ መስቀል ሊደርስ ሲል ለእናቴ መልእክት መጣ። «የየሻረግን ቤት ንብ ጥሎት ሄደ» የሚል ነው። እናቴ የቆመችበት ቁጭ አለች።

አገራችንን ለማያውቅ ይህ ምን ያስደነግጣል? በእኛ ዘንድ ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይቀመጥም ይባላል። ቀፎ ባዶ ሲሆን ሰው ቀፎውን አይመረምርም፤ ባልና ሚስቱን ነው የሚመረምረው። የሻረግ ደግሞ ገና አዲስ ሙሽራ ናት፤ ልጅ አልወለደች፣ ሥር አልሰደደች። ጥፋት ከተፈለገ ማን ላይ እንደሚያርፍ እናቴ አላጣችውም።

«ሂድ» አለችኝ በሶውን እየቋጠረችልኝ። «ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው አሉ። ነገሩ ከከፋ እህትህን ይዘሃት ና። ከከፋ ብቻ ነው ታዲያ!»

በቅሏችንን እየጎተትሁ ከቤታችን ከመካነ ኢየሱስ ወረድሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በቅሎዋ በየቦዩ ትለግማለች። ግራና ቀኙ ባቄላ ነበር፤ ያ ነጭ አበባው መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆም ብዬ አሸት ነበር። እህቴ ቤት ስቃረብ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደጎደለኝ ቆሜ ባስብም አላወቅሁትም።

የሻረግ ከስታ አገኘኋት።

«ተጣልታችሁ ነው?» አልኋት ገና ሳልቀመጥ።

«አልተጣላንም» አለች። «አሁን ግን ልንጣላ ነው። እሱ እኔን በጎን ያየኛል፣ እኔም እሱን አያለሁ። ማን በሆዱ ምን ይዞ ይሆን እያልን እንጀራው አልዋጥ ብሎናል።»

ባሏ ደሳለኝ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ቃል የለውም። አማቷ እትዬ ስንዱ በየጥዋቱ ከክፈፉ ሥር ቆመው ባዶውን ቀፎ በጣታቸው ያንኳኳሉ። ቀፎዎቹ የሟች ባላቸው ነበሩ፤ የባላቸው ድምፅ እንደጠፋባቸው ነው ያዘኑት። ያን ጊዜ ጨካኝ መስለውኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ መጡ። ቄስ ሞገስ አጎዛ ተነጥፎላቸው ግቢው መሐል ተቀመጡ፤ ጠላ ቀረበ፣ ማንም ግን አልቀመሰውም።

«ልጆቼ፣ ያጣላችሁን አውጡት» አሉ ቄሱ። «ሰው ሳይሰማ ንቡ ሰምቶታል። ካወጣችሁት ይመለሳል።»

«አባ፣ ያልነበረ ጠብ ከየት አምጥቼ ልናገር?» አለች የሻረግ።

«ታዲያ ንብ ይዋሻል?» አሉ እትዬ ስንዱ።

ሁላችንም ደሳለኝን አየን። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። «ሚስቴ ምንም አላደረገችም» ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። አላለም። ያን ለት ጠላሁት፤ ከልቤ ጠላሁት።

ሽማግሎቹ ተንሾካሾኩና ቄሱ ፈረዱ። ንቡ እስኪመለስ ልጅቱ እናቷ ዘንድ ትቆይ። ለስለስ ያለ ቃል ነው፤ ፍቺ አላሉትም። ባዶ ቀፎ ላይ ንብ መቼ እንደሚመለስ ግን ማን ያውቃል? እኔም የእህቴን ልብስ ቋጥሬ በቅሎዋ ላይ መጫን ጀመርሁ።

«ባቄላውን አይቼው ልሂድ» አለች የሻረግ። በጇ ያረመችው ማሳ ነው። ብቻዋን እንዳትሆን ተከተልኋት።

ማሳው ውስጥ እንደገባን ነው የጎደለኝ ነገር የገባኝ። እምታ የለም። ያን ሁሉ አበባ የሚጎበኝ አንዲት ንብ የለችም። የሻረግ ጎንበስ አለችና እንደዚያው ቀረች። ቦዩ ውስጥ፣ በቅጠሉ ሥር፣ ንቦቹ ረግፈው ተኝተዋል። ብዙዎቹ እግራቸው ላይ የሰበሰቡት የአበባ ዱቄት አልወረደም። ቅጠሉን አሸተተችው፤ እኔም አሸተትሁት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የመድኃኒት ሽታ ነበረው።

አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ተመልሳ አጎዛው ላይ፣ ከቄሱ ጉልበት ፊት አፈሰሰቻቸው።

«አባ፣ ንቦቹ እነኚሁላችሁ። ቤቱን ጥለው አልሄዱም። ሥራ ላይ እንዳሉ ነው የሞቱት።»

ቄስ ሞገስ አንዷን አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «ባቄላው ላይ መድኃኒት የረጨ ማነው?» አሉ።

የበቅሎዋ ልጓም ሲንኳኳ ይሰማ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ደሳለኝ። «ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወረረውና መርጫ ተውሼ ረጨሁት። ጠሉ ደረቅ፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲልልኝ። ለተባዩ እንጂ ለንቡ ብዬ መቼ ረጨሁ?» አበባው በተከፈተበት፣ ንብ ሁሉ በሚወርድበት ሰዓት! የረጨው ባቄላ፣ የጠፋው ንብ፤ ሁለቱን አገናኝቶ አስቦት አያውቅም። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ዓይናችን ሁሉ መኝታ ቤታቸው ላይ ነበር።

እትዬ ስንዱ ብድግ ብለው ወደ በቅሎዋ ሄዱና የልጅቱን ጓዝ በራሳቸው እጅ አወረዱት።

እህቴ ቀረች፤ ባቄላው ግን ብዙ አላፈራም። አበባው ጠቁሮ ረገፈ፤ የያዘውም ፍሬ በጣት የሚቆጠር ነበር። ደህና ያፈራው መድኃኒቱ ያልደረሰው የወንዙ ዳር ብቻ ነው፤ ጣዝማ የምትባለው ትንሿ የጉድጓድ ንብ ዳገቱ ውስጥ ቤት ስለነበራት። ለካስ ንብ ማር ልትቀስም ከአበባ አበባ ስትዞር ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች፤ ፍሬ የሚይዘውም በዚያ ነው። በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ለፈተና ብቻ። የጎረቤቶቹ ኑግ እንኳ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። በዚያ ዓመት ሁዳዴን መንደሩ ሽሮውን ያለ ዘይት በላው። የአንድ ቤት ንብ ለስንት ቤት ስትሠራ እንደኖረች ያን ጊዜ ታወቀ።

ደሳለኝ በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ዛፍ ላይ መንጋ አውርዶ ቀፎውን ሞላ። ከዚያ ወዲህ ባቄላ ሲያብብ መርጫ የያዘ ሰው ካየ ተሟግቶ ይመልሳል።

ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ለእህቴ ደወልሁላት። «ጭቅጭቃችሁ ደብረ ታቦር ድረስ ይሰማል፤ ንቦቹ እንዳይሄዱባችሁ» አልኋት ልተርባት።

ሳቀች። «እሱንማ ለምደውታል» አለች። ከዚያ «ወንድም ዓለም፣ እኔስ ለቅሜ ያሳየኋቸው የንብ ሬሳ ነበረኝ» አለችኝ። «እንደኔ ተፈርዶባት፣ ምንም የምታሳየው አጥታ በቅሎ ላይ የወጣችውስ?»

ከጀርባዋ ንቦቹ ይሰሙኝ ነበር።